የሐይቁ ወለል

ጥር 9

የሆቴሉን መጋረጃ ዛሬ ጨረስን። ወይን ጠጅ፣ ከባድ ጨርቅ፣ አቧራው ጉሮሮ ይዘጋል። አሠሪዬ እጥፋቱን በክንዷ እየለካች "ግድግዳ አስመሰልሽው እኮ" አለችኝ። ምስጋና ይሁን ነቀፋ አልገባኝም። መርፌዬን ሰካሁ።

በእግሬ ተመለስኩ። እማዬ እንደ ወትሮዋ በረንዳ ላይ፣ ወንበሯን ወደ ውጭው በር አዙራ። ኮቴዬን ስትሰማ "መጣህ?" አለች። ከዚያ አየችኝ።

"መጣሽ።"

በየቀኑ እንዲህ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰው ሆኜ እመጣለሁ… አንዱ በር ላይ ይቀራል።

ወንድሜ ሐይቁ ላይ የጠፋው ጥቅምት ላይ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። እሱ አልተገኘም። ጠላቂዎች ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ ታችው ጭቃ ነው አሉ፣ ሄዱ። እማዬ "ያልታየ ሞት ሞት አይባልም" ብላ ቁጭ አለች። ጎረቤቶቹም ግራ ገብቷቸዋል። "ይመጣል፣ አይዞሽ" ይበሉ ወይስ "ነፍስ ይማር"? መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ አየሩ ያወራሉ።

እኔስ ምን እላለሁ? እኔም ስለ አየሩ አወራለሁ።

ጥር 14

ከወንድሜ ክፍል ድምፅ መጣ። ጢጥ። ትንሽ ቆይቶ… ጢጥ።

ራት ላይ ነበርን። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ተነስቷል" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሄጄ ከፈትኩ። ድምፁ ከዓሣ ማጥመጃ ሻንጣው ውስጥ ነው። ዓሣ ክሩን ሲጎትት የምትጮኸው ያቺ ማንቂያ… ዘንጉ ሥር የሚተክላት። ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ታለቃቅሳለች መሰለኝ። ባትሪዋን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩ።

"ምንድነው?" አለች እማዬ።

"ባትሪ ነው።"

"እሺ። በሩን ገርበብ አድርጊው፣ እንዳይታፈን።"

ጥር 15

ዛሬም ጮኸ። ባትሪው ኪሴ ውስጥ ነው።

ጥር 18

ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ወንድሜ አንድ ጊዜ መዳፌን ይዞ አሳይቶኝ ነበር። "ሐይቁን አይቼው አላውቅም፣ ዳብሼው ነው የማውቀው" አለኝ። ያለ መንጠቆ እርሳስ፣ ያን ከባድ ብረት፣ ክር ጫፍ ላይ ያስርና ሩቅ ይወረውራል። ከዚያ ቀስ አድርጎ ይጎትታል። እርሳሱ ወለሉን እየነካ ሲመጣ ምን ላይ እንዳለ ጣቱ ያውቃል። "ጭቃ እንዲህ ነው፣ ጠጠር እንዲህ…" እያለ በጣቱ መዳፌን ሲቧጥጠኝ፣ ኮርኩሮኝ ስስቅ እጄን ነጠቅኩት።

ከዳር ሆኖ መዳበስ ይቻላል ማለት ነው።

ይሄ ለማን ይነገራል? ለማንም።

ጥር 19

እሱ የሚገዛበት የዓሣ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ደረጃ ወርደው የሚገቡበት፣ ጎማ ጎማ የሚሸት። ባለሱቁ ወፍራም ሰውዬ ነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት።

"እርሳስ ፈልጌ ነበር።"

"የሚጽፈውን ነው የሚሰምጠውን?"

"የሚሰምጠውን።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የረጅሙ እህት ነሽ" አለ። ጥያቄ አይደለም። "አፍንጫችሁ አንድ ነው።" ወንበር ሳበልኝ።

ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ማደር እንደምፈልግ ነገርኩት። "እንግዲያውስ መጀመሪያ ቤት፣ ዘንጉ ይደርሳል" ብሎ ሁለት ድንኳን ዘረጋ። አንዱ ዙሪያውን ዝግ፣ ድርብ ጨርቅ፣ በሩ ባለ ዚፕ። ሌላው እንደ ትልቅ ጃንጥላ፣ ፊቱ ክፍት። ገልብጬ ስፌቱን አየሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። የዝጉ ስፌት ከውስጥ ታሽጓል፣ ጠብ አይልም። የክፍቱ ማዕዘን ላይ ግን ክሩ ላልቷል።

"ዝጉ ይሞቃል፣ ግን ያልበዋል" አለ። "ያደረ ትንፋሽሽ ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ ጠዋት ፊትሽ ላይ ይዘንባል። ክፍቱ ይበርዳል። ግን ተኝተሽም ውሃው ይታይሻል።"

"እሱ የቱን ነበር የሚወደው?"

"ክፍቱን። በር ያለው ድንኳን ሰው ያዘናጋል ይላል።"

ይላል አለ። እሱም ገና "ይላል" ነው የሚለው።

ክፍቱን ያዝኩ። ማዕዘኑን እኔ እሰፋዋለሁ።

"ምን ልትይዢ ነው? ካርፕ የሚባለው ዓሣ ከሆነ…"

"ወለሉን ማወቅ ነው የምፈልገው።"

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ከጥግ ደረቅ ያለ፣ ብዙ የማይተጣጠፍ ዘንግ አወረደ። "ለስላሳው ዘንግ የያዝሽውን ዓሣ ለማጫወት ነው። ከባድ እርሳስ ሩቅ የሚወረውርልሽ ደረቁ ነው። ክሩ ደግሞ የተገመደው ይሁን። ናይሎን ይለጠጣል፣ መንገድ ላይ ወሬ ይበላል። የተገመደው ታች ያለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ጣትሽ ላይ ያደርሰዋል።" ከዚያ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ፣ "መንጠቆስ?"

"አልፈልግም።"

ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ዙሪያዋን የሽቦ እግሮች ያሏት አንዲት እርሳስ ግን ሳልጠይቀው ከረጢቱ ውስጥ ጨመረ። "ይቺ የነካችውን ትይዛለች።"

ከሱቁ ጀርባ ባዶ ቦታ ላይ አወራወሩን አሳየኝ። "በጉልበት አይደለም። ቀኝ እጅሽ ይግፋ፣ ግራ እጅሽ ወደ ደረትሽ ይሳብ፣ የቀረውን ለዘንጉ ተዪለት።" የመጀመሪያዬ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። ሰማይ የተደረመሰ መሰለኝ። "ቆርቆሮ ያዝሽ፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው" አለኝ።

ልወጣ ስል፣ "ባትሪ የሌለው ማንቂያ ይጮኻል እንዴ?" አልኩት።

"ረጅሙ ሁለት ዘንግ ነው የሚጥለው። ሁለተኛዋ ማንቂያ የጎን ኪሱ ውስጥ ትሆናለች።"

ቤት ገብቼ አየሁ። ነበረች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቅር አለኝ። ምን ጠብቄ ነበር?

ጥር 20

አተካከሉን ልለማመድ ብዬ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ተከልኩት። እማዬ ወጥታ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም እማዬ። ዓሣ ላጠምድ ነው።"

"አንቺ? ትል አይተሽ አልጋ ላይ የምትወጪው?"

ሳቀች። ከጥቅምት ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ካስማዎቹን ስነቅል ከኋላዬ ቆማ ቆየች። ከዚያ፣ "ስታገኚው ጃኬቱን ይዝጋ በዪው። ደረቱን ገልጦ ነው የሚቀመጠው።"

እሺ አልኳት።

ጥር 26

ሐይቁ ዳር ነኝ።

አውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር። ዕቃው ከእኔ ይከብዳል። የሐይቁ ጠባቂ ባለ ጎማ ቦት፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። የት እንደምቀመጥ ጠየቀኝ። ከሸምበቆው አጠገብ አልኩት።

"እዚያ አሁን ማንም አይቀመጥም።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

የመግቢያውን ሰንሰለት አነሳልኝ።

የድንኳኑን ጀርባ ለነፋስ ሰጠሁት። ከዚያ ወረወርኩ። አንዱ ሸምበቆ ላይ፣ አንዱ እግሬ ሥር… ቀስ በቀስ ራቀ። ጣቴ መማር ጀመረ። ጭቃ፦ እርሳሱ ሲያርፍ ድምፅ የለውም፣ ሲጎተት እጅሽን ይዞ አልለቅ እንደሚል ሰው ነው። ጠጠር፦ በር እንደማንኳኳት፣ ጠ ጠ ጠ። አረም፦ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል። ግንድ ደግሞ ከያዘ ያዘ፣ ንቅንቅ የለም።

ሌላ ነገርስ? ሌላው ነገር በጣት ምን ይመስላል? ይሄን ማን ያስተምራል?

አመሻሽ ላይ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ከጨርቁ ጀርባ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። እሱም ያዘ። ለቀቅኩ። እሱ ግን ዘገየ… ትንሽ። ከዚያ ለቀቀ።

አልዞርኩም። ብዞር ማንም እንደማይኖር አውቃለሁ። ያልዞርኩት ለዚህ ነው።

ጥር 27

ጠባቂው ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዞልኝ መጣ። ድንኳኔን አየ፣ ዙሪያዬን አየ።

"መረብ የለሽም። መንጠቆ የለሽም።"

ክሩን ጠቀለልኩ።

"አንቺ የምትፈልጊው ዓሣ አይደለም።"

"አይደለም ጋሼ። እህቱ ነኝ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲያወራ ውሃውን እንጂ እኔን አላየም። "እኔም ፈልጌዋለሁ። ጠላቂዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ በጀልባ፣ በረጅም እንጨት። የዚህ ሐይቅ ጭቃ የዋጠውን አይተፋም።"

ያን ጠዋት የሆነውን ነገረኝ። ወንድሜ ትልቅ ዓሣ ይዞ ነበር። ዓሣው አረም ውስጥ ገብቶ ተተበተበ። ክሩን በጥሶ ቢተወው ይችል ነበር። "እኔም ተወው አልኩት። እንዲህ ታስሮ ቀስ እያለ ይሞታል፣ ልፍታው አለኝ። እንግዲያው ቆይ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ላምጣልህ ብዬው ወደ ጎጆዬ ሄድኩ። ዞር ስል ጀልባዋን ገፍቷታል። እጁን አውለበለበልኝ። መጣሁ አለኝ።"

"መጣሁ አለ?"

"መጣሁ አለ።"

ሁለታችንም ሻዩን ረሳነው።

ሰው ሲሄድ ለምንድነው መጣሁ የሚለው? ስንት ጊዜ ብያለሁ እኔ ራሴ። ከወንበር ተነስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መጣሁ።

ጀልባዋ ከዓይኑ የጠፋችበትን አቅጣጫ አሳየኝ። ከማዶ ያለው የደረቀ ዛፍና የውሃ ማማው አንድ መስመር ሲሆኑ፣ እዚያ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱ ጀልባዋን ነድቷታል። ጠላቂዎቹ የፈለጉት ጀልባዋ የተገኘችበት ነው፤ ዛፉና ማማው መስመር ላይ ደግሞ የእሱ እንጨት ወለሉን አይነካም።

ጥር 28

እማዬ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። "ያዝሽ?"

"አልያዝኩም።"

"እሱስ?"

"እሱም አልያዘም" አልኳት።

ለምን አልኩ? ቀለል ብሎ ወጣ ከአፌ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ብርድ ብርድ አለኝ። ይሄን እየጻፍኩ ራሱ… እሱም እዚያ እንደዋለ፣ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንደተመለስን ነው የሚሰማኝ።

የካቲት 3

እንደገና ሄድኩ። ዛፉና ማማው መስመር ላይ ጣልኩ። አይደርስም። ጭቃ። ጭቃ። ጠጠር።

አንድ ግንድ ያዘና እርሳሱን ቀማኝ።

የካቲት 10

ዛሬውኑ ልጻፈው፣ ነገ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የማስታውሰው።

ጠዋት ጭጋግ ነበር። ዛፉን ለማየት ጠበቅኩ። ሲገለጥ ያቺን ባለ ሽቦ እግር እርሳስ አሰርኩ። ምኑም አልተሰማኝም ስወረውር፣ ክንዴ ቀለለ፣ ክሩ ሄደ ሄደ… የእርሳሷ ድምፅ ዘግይቶ ከሩቅ መጣ።

ጎተትኩ። ጭቃ። ጭቃ። አረም። ከዚያ ያዘ።

ግንድ አይደለም። ስስበው ትንሽ መጣ። ሳላላው ተመለሰ። ተኝቶ ሳለ ብርድ ልብሱን ሲገፉት በእንቅልፍ ልቡ መልሶ እንደሚስብ ሰው።

መሳብ አቆምኩ። በግራ እጄ ስልኬን አውጥቼ ለጠባቂው ደወልኩ። ምን እንዳልኩት አላውቅም። መጣ፣ እየሮጠ፣ በዚያ ቦቱ።

"ጆንያ ሊሆን ይችላል" አለ።

"ይችላል።"

ሁለት ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፈ፣ የልብ ምት እንደሚለካ ሐኪም። እንዲያ ቆየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ።

"አትልቀቂው" አለኝ። ሊደውል ሄደ።

ይዤው ቆየሁ። ጭጋጉ ተነሳ፣ ፀሐይ ወጣች። ጠባቂው ዘንጉን ከዛፍ ጋር ልሰርልሽ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ እንዳወራ ነው መሰለኝ። አወራሁ። ምን አወራሁ? ስለ ሆቴሉ መጋረጃ። ስለ እማዬ ጉልበት። ማንቂያህ አስደነገጠን አልኩት። ጃኬትህን ዝጋ ተብለሃል አልኩት። ክሩ አንዳንዴ ይርገበገባል። ነፋስ ነው… ነፋስ ነው።

ጠላቂዎቹ መጡ። አንደኛው ክሩን በጓንቱ ይዞ፣ እሱኑ እየተከተለ ወረደ። የእጁ እያንዳንዱ ርምጃ ጣቴ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ ቆመ።

ከዚያ ክሩ ላላ። ዘንጉ ቀና አለ፣ ባዶ።

ጠባቂው ዓይኔን በእጁ ሸፈነልኝ። እጁ ጭቃ ይሸታል። አላስለቀቅኩትም።

የካቲት 11

ትናንት ቤት የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እማዬ በረንዳው ላይ። ኮቴዬን ሰማች፣ ግን መጣህ አላለችም። ቀና ብላ ፊቴን አየች።

"ብቻሽን ነሽ?"

"አይደለሁም እማዬ። ይዤው መጣሁ።"

የወንበሩን ክንድ ይዛ ተነሳች። እወድቃለሁ ብላ ሳይሆን፣ እንግዳ ሲመጣ እንደምትነሳው። ቀሚሷን አስተካከለች።

"ጃኬቱን ዘግቶታል?"

"ዘግቶታል።"

አላየሁም። ማንንም አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።

"እህ" አለች። ከዚያ ነው ድምፅ ያወጣችው። ጎረቤቶቹ ከየበራቸው ብቅ አሉ። ምን እንደሚባል አሁን ሁሉም አወቀ።

የካቲት 13

ቀበርነው። ባለሱቁ መጥቶ ነበር፣ ጠባቂውም፣ አዲስ ጫማ አድርጎ። እግሩን ጠቦት ያሳመመው ይመስላል።

የካቲት 29

እማዬ ትተኛለች። ትበላለች። ወንበሯን ወደ ቤት አስገባች። ትናንት ከጎረቤቷ ጋር ስለ ውሃ ቧንቧ ተጣልታ ስትመጣ ጉንጯ ቀልቶ ነበር፣ ጤናማ ሰው መስላ።

እኔ ግን…

ይሄን ለማንም አላልኩም። ሳገኘው ያልፍልኛል ብዬ ነበር። ዛሬ ስስ ነጭ ጨርቅ መኪናው ላይ እየሰፋሁ፣ ሳብ ሳደርገው መልሶ ሳበኝ። እጄን አነሳሁ። አሠሪዬ አየችኝ። እንደገና ያዝኩት፣ እንደገና። አንሶላ ስስብ ይስበኛል። የቀሚሴ ጫፍ ወንበር ሲይዘው ልቤ ቀጥ ይላል። ጣቶቼ እዚያው ናቸው፣ ክሩ ላይ። እማዬ የለቀቀችውን እኔ ይዤ ቀርቻለሁ።

መጋቢት 5

ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። "ጣቴ አልረሳ አለኝ" አልኩት። ከማን ጋር ይወራል ታዲያ?

አልሳቀም፣ አላጽናናኝም። መሳቢያውን ሲፈትሽ ቆይቶ ትንንሽ መንጠቆዎችና ለዓሣ ማማለያ የሚሆን የታሸገ በቆሎ አወጣ።

"ጣት በምክር አይረሳም" አለ። "ሌላ ነገር አስይዢው።"

መጋቢት 17

ብዙ አልጠበቅኩም ነበር። ያው ድንኳን፣ ሌላ ቦታ፣ ከጠባቂው ጎጆ ፊት ለፊት። ጀርባውን ለነፋስ። በዚህ በኩል ውሃው ጥልቅ አይደለም። በቆሎውን ቅርብ ጣልኩት፣ ከአረሙ ራቅ አድርጌ። ቢያዝም እንዳይተበተብ።

እኩለ ቀን ላይ ክሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቴን አስጠጋሁ። ፈራሁ። ሳብ አደረግኩ… መልሶ ሳበኝ።

ልለቅ ነበር። ምሎ ይነግራችኋል ጠባቂው፣ ዘንጉን ልጥለው ነበር። ግን ይሄኛው አላረፈም። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ተቆጣ። ክንዴን ነቀነቀው። ጠባቂው መረብ ይዞ እየሮጠ "ስጪው፣ ክር ስጪው፣ አትጨቃጨቂው" ይለኛል። የሳቅኩ መሰለኝ። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

ካርፕ ነው። ቅርፊቱ እንደ ድሮ ሳንቲም፣ አፉ ወፍራም፣ የተኮሳተረ አጎት የሚመስል። መንጠቆውን ጠባቂው አወጣልኝ። ከዚያ በሁለት እጄ ውሃው ውስጥ ደግፌው ቆየሁ። ጎኑ ይመታል፣ ጡንቻው ይንቀሳቀሳል መዳፌ ላይ። እስኪበረታ ጠበቅኩት። አንድ ጊዜ ጅራቱን አማታ፣ ፊቴን በውሃ ሞላውና ሄደ።

እጆቼን አየኋቸው። ዝልግልግ፣ ቀዝቃዛ፣ የዓሣ ሽታ። ሌላ ምንም።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ካልሲዬን ስጨምቅ እማዬ ደወለች።

"ያዝሽ?"

"ያዝኩ።"

"ምን ያህላል?"

"ክንዴን።"

"የታል እና?"

"ለቀቅኩት።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ አየሁት።

"እሱም ይለቅ ነበር" አለች።

ነበር። ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ በማታውቀው ደረጃ ላይ እግሯን እንደምታሳርፍ።

"ይለቅ ነበር እማዬ" አልኳት።

"በይ ሳይመሽብሽ ተነሺ" አለች። "እግርሽን አድርቂ መጀመሪያ።"

እግሬን አደረቅኩ። ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ።